የገበሬ ደጅ የጠኑ እጩ፤ የሮበርት ላፎሌት ታሪክ

ደጅ መጥናት ለእኛ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ሹመት የሚፈልግ፥ ርስቱ የተወሰደበት፥ ወይም ጉዳዩ የተጓተተበት ሰው ሁሉ ማልዶ ከትልቅ ሰው ደጅ እየቆመ፥ ጌታው ሲወጡና ሲገቡ እጅ እየነሣ ወራትና ዓመታት መቁጠሩን ከአያቶቻችን ሰምተናል። ዛሬ ታሪኩን የምናወጋችሁ ሰው ግን ይህን ልማድ የገለበጠ ነው። ሹመት በፈለገ ጊዜ የጌቶቹን ደጅ ትቶ የገበሬውን ደጅ ጠና። በዚህም ጌቶቹን አስቆጣ፤ ገበሬውን አስገረመ፤ በመጨረሻም የአንድ ግዛት ሕግ እንዲለወጥ አደረገ። ያው ገበሬ ከጊዜ በኋላ ሰውየውን ራሱን እምቢ አለው፤ የታሪኩ ፍሬ ነገር ያለውም እዚህ ላይ ይመስለናል።

ስሙ ሮበርት ላፎሌት ይባላል። አገሩ ከታላላቆቹ የሰሜን አሜሪካ ሐይቆች አጠገብ ያለችው የዊስኮንሲን ግዛት ናት። የተወለደው በጁን 14 ቀን 1855 ፕሪምሮዝ በምትባል የገጠር ቀበሌ፥ ከግንድ በተሠራ ቤት ውስጥ ነው። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያችን ይያዝልን።) ገና የስምንት ወር ሕፃን ሳለ አባቱ ሞተበት። እናቱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዕድሜ የገፋ ነጋዴ አገባች፤ ልጁ ግን ከእንጀራ አባቱ ጋር የነበረው ኑሮ አልጣመውም። በአካባቢው የሰፈሩት ጎረቤቶች ብዙዎቹ ከኖርዌይ አገር የመጡ ገበሬዎች ስለነበሩ፥ ሮበርት ከልጆቻቸው ጋር ሲጫወት ከቋንቋቸው ጥቂት ጥቂት ለቀመ። ይህች ትንሽ የቋንቋ ስንቅ ኋላ ምን ያህል እንደጠቀመችው እናያለን።

በ1875 የግዛቲቱ ርእሰ ከተማ በሆነችው በማዲሰን ከሚገኘው የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ገባ። ድኻ ተማሪ ነበር። እናቱና እኅቱም አብረውት ወደ ከተማ ስለመጡ የቤተ ሰቡ ቀንበር በትከሻው ላይ ነበረ። ስለሆነም ገንዘብ ተበድሮ የተማሪዎቹን ጋዜጣ ገዛና አዘጋጅም፥ ማስታወቂያ ሰብሳቢም፥ ሻጭም ሆኖ በዚያ ይተዳደር ጀመር። በትምህርቱ ከፍ ያለ ውጤት አገኘ ለማለት አንደፍርም። በንግግር ግን የሚስተካከለው አልነበረም። በ1879 የብዙ ግዛቶች ተማሪዎች በተወዳደሩበት የንግግር ውድድር፥ በሼክስፒር ድርሰት ውስጥ ስላለው ስለ ክፉው ኢያጎ ተናግሮ አንደኛ ወጣ። ተዋናይ የመሆን ምኞትም ነበረው፤ ቁመቱ አጭር በመሆኑ ግን መድረኩ እንደማይመቸው ነገሩት። መድረክ አልከለከለውም፤ ሌላ ዓይነት መድረክ አቆየለት እንጂ።

በዚያው ዓመት ተመርቆ፥ ጥቂት ወራት ሕግ አጥንቶ፥ በ1880 ጥብቅና እንዲቆም ተፈቀደለት። ዕድሜው 25 ዓመት ነበር። ደንበኛ የለው፥ ገንዘብ የለው፥ ዘመድ የለው። ብዙዎቻችን የምናውቀው የአዲስ ምሩቅ ኑሮ ነው። በዚህ ጊዜ ማዲሰን የምትገኝበት የዴን አውራጃ የዐቃቤ ሕግነት ሥራ ክፍት ሆነ። ደመወዙ በዓመት 800 ዶላር፥ ለወጪም 50 ዶላር ነበር። ወጣቱ ጠበቃ ሥራውን ተመኘው።

አንድ ነገር ግን አላወቀም፤ ወይም እንዳላወቀ ሆነ። በዴን አውራጃ የሪፐብሊካን ፓርቲ ጌታ የማዲሰን ፖስታ ቤት ሹም የነበሩት ኮሎኔል ኢላይሻ ኪይስ ነበሩ። ለማናቸውም ሹመት እጩ ለመሆን የፈለገ ሰው አስቀድሞ እሳቸውን ማስፈቀድ ነበረበት። ላፎሌት ሳይጠይቅ መነሣቱን በሰሙ ጊዜ ኮሎኔሉ ጠርተው፥ እጩው ከወዲሁ የታወቀ ስለሆነ ጊዜውንና ገንዘቡን በከንቱ እንዳያጠፋ መከሩት። ምክር መሳይ ትእዛዝ ነበረ። እሱም ሹመቱን የሚሰጡት የአውራጃው መራጮች እንጂ የፖስታ ቤቱ ሹም አለመሆናቸውን በቁጣ መልሶ ወጣ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል። እኛም በዩኒቨርሲቲ ሳለን በአንድ የተማሪዎች ማኅበር ምርጫ ተካፍለን ነበር። ድምፃችንን በወረቀት ጽፈን በሣጥን ከተትን፤ ቆጠራውም ያለ እንከን ሆነ። ነገር ግን በወረቀቱ ላይ የሰፈሩት ስሞች ከሁለት ቀን በፊት በአንድ መኝታ ክፍል ውስጥ በአምስት ሰዎች ተቆርጠው ኖሯል። ያን ጊዜ የገባን ነገር ቢኖር፥ ከሁለት ሰዎች አንዱን የመምረጥ መብትና ሁለቱ ሰዎች እነማን እንደሚሆኑ የመወሰን መብት የተለያዩ መሆናቸው ነው። ላፎሌት በ25 ዓመቱ ከኮሎኔሉ ቢሮ ሲወጣ የተረዳው ይህንኑ ይመስለናል።

ታዲያ ምን አደረገ? ፈረስና ጋሪ ይዞ በአውራጃው መንገዶች ላይ ወጣ። ከእርሻ ወደ እርሻ፥ ከመንደር ወደ መንደር እየዞረ፥ የፓርቲው አባል የሆነውን ገበሬ ላም ሲያልብም ሆነ አጥር ሲያጥር ባገኘው ቦታ አነጋገረው። የገበሬው ጥያቄ የፖለቲካ ፍልስፍና አልነበረም። የቀድሞዎቹ ዐቃብያነ ሕግ ከበድ ያለ ክስ በመጣ ቁጥር ረዳት ጠበቃ እየቀጠሩ አውራጃውን ተጨማሪ ገንዘብ ያስከፍሉ ስለነበር፥ ይህ ልጅ እግር ሰው ሥራውን ብቻውን ይወጣው እንደሆነ ማወቅ ፈለገ። ላፎሌትም ሌላ ጠበቃ ሳያስቀጥር ማናቸውንም ክስ ራሱ ይዞ እንደሚከራከር ቃል ገባ። በተስፋው ውስጥ ኮከብና ጨረቃ አልነበረበትም፤ ልኩ የታወቀ፥ ቢታጠፍ የሚታይ ተስፋ ነበር። ኖርዌያውያኑ ደግሞ በቋንቋቸው ሰላምታ የሚሰጣቸውን የፕሪምሮዝን ልጅ እንደ ራሳቸው ልጅ ቆጠሩት። የአውራጃው ጉባኤ በተሰበሰበ ጊዜ ከየመንደሩ የመጡት ወኪሎች የኮሎኔሉን ሰው ትተው ላፎሌትን እጩ አደረጉት፤ በኖቬምበርም ተመረጠ።

እስከዚህ ድረስ እንደ ታናሽ ወንድም አንተ ስንለው ቆይተናል። እንግዲህ ዐቃቤ ሕግ ሆነዋልና በአገራችን ወግ አንቱ ማለት ይገባናል። ሚስተር ላፎሌት ቃላቸውን ጠበቁ፤ ሌሊት እየተቀመጡ መዝገብ እያጠኑ ክሱን ሁሉ ራሳቸው ተከራከሩ። በ1881 የመጨረሻ ቀን የዩኒቨርሲቲ ጓደኛቸውን ወይዘሪት ቤል ኬስን አገቡ። እኚህ ሴት በ1885 ከዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የተመረቁ የመጀመሪያዋ ሴት ሲሆኑ፥ እስከ መጨረሻው የባላቸው አማካሪ ነበሩ። በ1884 ሚስተር ላፎሌት እንደ ቀድሞው ጌቶቹን ሳያስፈቅዱ ለኮንግረስ ተወዳድረው አሸነፉ፤ በሕግ መምሪያው ምክር ቤትም በዕድሜ ከሁሉ የሚያንሱት አባል ሆኑ። ስድስት ዓመት ከሠሩ በኋላ በ1890 ፓርቲያቸው በግዛቲቱ ሲሸነፍ እሳቸውም ወንበራቸውን አጥተው ወደ ጥብቅናቸው ተመለሱ።

በ1891 የሆነው ነገር ግን ሕይወታቸውን ለሁለት ከፈለው። የዊስኮንሲን ሴናተር የነበሩት የእንጨት ነጋዴው ባለጸጋ ፊሊተስ ሶየር ሚልዋኪ ከተማ በሚገኝ ሆቴል አስጠርተው አነጋገሯቸው። በዚያ ጊዜ የግዛቲቱ የቀድሞ ገንዘብ ያዦች የመንግሥት ገንዘብ ባንክ ተቀምጦ የወለደውን ወለድ ለራሳቸው በማድረጋቸው ተከሰው ነበር። ሶየር ለገንዘብ ያዦቹ ዋስ ነበሩ፤ ጉዳዩን የሚያዩት ዳኛ ደግሞ የላፎሌት እኅት ባል ነበሩ። ሚስተር ላፎሌት ሴናተሩ ዳኛውን እንዳግባባ ጉቦ ሊሰጡኝ ሞከሩ አሉ። ሶየር በበኩላቸው ለጥብቅና ሊቀጥሯቸው እንደፈለጉ፥ ዝምድናውንም እንዳላወቁ ተናገሩ። በክፍሉ ውስጥ ሦስተኛ ሰው አልነበረምና ነገሩ እስከ ዛሬ በሁለቱ ቃል መካከል ቀርቷል። ከዚያ ቀን ወዲያ ግን ላፎሌት በፓርቲያቸው ሹማምንት ዘንድ እንደ ከሃዲ ተቆጠሩ፤ በመንገድ ሲያገኟቸው ፊታቸውን የሚያዞሩ የቀድሞ ወዳጆች በዙ።

በዚህን ጊዜ ብዙ ሰው ወይ ይቅርታ ይጠይቃል፥ ወይ ፓርቲውን ይለቅቃል። እሳቸው ሁለቱንም አላደረጉም። ፓርቲው የጌቶቹ ሳይሆን የመራጮቹ ነው ብለው ተነሡ። ይህ አነጋገር ቀላል ይምሰል እንጂ የዚያን ዘመን አሠራር ለሚያውቅ ሰው እንደ አብዮት ያለ ነበር።

አሠራሩም እንዲህ ነው። በአሜሪካ ሕዝቡ ከፓርቲዎቹ እጩዎች አንዱን ይመርጣል፤ ከዚያ በፊት ግን እያንዳንዱ ፓርቲ የራሱን እጩ መሰየም አለበት። በዚያ ዘመን በዊስኮንሲን ይህ የሚፈጸመው በሦስት ደረጃ ነበር። አስቀድሞ በየመንደሩና በየከተማው ሰፈር ጥቂት የፓርቲው ሰዎች ተሰብስበው ለአውራጃው ጉባኤ ወኪሎች ይልካሉ። የአውራጃው ጉባኤ ደግሞ ለግዛቲቱ ጉባኤ ሌሎች ወኪሎች ይልካል። ለአገረ ገዥነት የሚቀርበውን እጩ የሚሰይመው ይህ የመጨረሻው፥ አንድ ሺህ ያህል ሰዎች የሚቀመጡበት ጉባኤ ነው። መልእክት በሦስት ሰው አፍ ሲያልፍ ምን እንደሚሆን የታወቀ ነው። በመንደሩ ስብሰባ ላይ ገበሬው ሥራ ይዞት ይቀራል፤ የፓርቲው ሠራተኛ ግን አይቀርም። ወደ ጉባኤው ከተማ የሚሄደው ወኪል በነጻ የሚጓዝበትን ትኬት ከምድር ባቡር ኩባንያው ይቀበላል። የምድር ባቡርና የእንጨት ኩባንያዎችም መቶ ሺህ መራጭ ማሳመን አያስፈልጋቸውም፤ ጥቂት መቶ ወኪሎች ከያዙ እጩው የእነሱ ነው። ኖቬምበር ሲደርስ ሕዝቡ በነጻ ይመርጣል፤ የሚመርጠውም ኩባንያዎቹ ካለፉለት ሰዎች መካከል ነው።

ሚስተር ላፎሌት ይህን ግንብ መጀመሪያ በዚያው በግንቡ በር ሊገቡበት ሞከሩ። በ1894 ኒልስ ሃውገን የተባሉ ኖርዌይ የተወለዱ ወዳጃቸው ለአገረ ገዥነት እንዲታጩ አነሣሥተው፥ በመላ ግዛቲቱ ላሉ የፓርቲው ሰዎች ከአንድ ሺህ የበለጡ ደብዳቤዎች ጻፉ። ሃውገን ተሸነፉ። በ1896 ራሳቸው ቀረቡ። በሚልዋኪ ጉባኤ ዋዜማ የሚበቃቸውን ያህል ወኪሎች እንደያዙ ቆጥረው ነበር። በዚያች ሌሊት ግን ወኪሎቻቸው በገንዘብ እየተገዙ መሆኑን የሚነግሯቸው ሰዎች ወደ ክፍላቸው ይመላለሱ እንደነበር በኋላ ጽፈዋል። በማግሥቱ እጩነቱ የእንጨት ነጋዴ ለነበሩት ለኤድዋርድ ስኮፊልድ ሆነ። በ1898 እንደገና ቀርበው እንደገና በስኮፊልድ ተሸነፉ።

ሽንፈቱ ያስተማራቸው ነገር ወኪሉን ማባበል ዋጋ እንደሌለው ነው። በፌብሩዋሪ 22 ቀን 1897 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ባደረጉት ንግግር የወኪሎቹ ጉባኤ ጨርሶ እንዲቀርና የፓርቲው መራጭ ሁሉ ራሱ በምስጢር ድምፅ እጩውን እንዲሰይም ጠየቁ። ፕራይመሪ የሚባለው ምርጫ ይህ ነው። ሐሳቡን የፈለሰፉት እሳቸው አይደሉም፤ በአንዳንድ አውራጃዎችና ከተሞች አስቀድሞ ተሞክሯል። የእሳቸው ድርሻ ለመላው ግዛት፥ በሕግ፥ ያለ ማመቻመች እንዲሆን መጠየቃቸው ነው።

በዚያው ዓመት መከር ላይ ንግግራቸውን ይዘው ወደ አውራጃ ትርኢቶች ወረዱ። የአውራጃ ትርኢት ማለት በየዓመቱ አዝመራ ሲሰበሰብ ገበሬው ያደለበውን በሬ፥ ያፈራውን ዱባ፥ ሚስቱም ያዘጋጀችውን ማርማላታ ይዘው ለሽልማት የሚወዳደሩበት፥ ፈረስ የሚጋለብበት፥ ሙዚቃ የሚነፋበት የገጠር በዓል ነው። ፖለቲካ ለመስማት ብሎ የሚመጣ ሰው የለም። በዚያው በ1897 ከምበርላንድ በምትባል ትንሽ ከተማ የተነሣ ፎቶግራፍ ይታወቃል፤ ላፎሌት በጋሪ ላይ ቆመው ሲናገሩ ያሳያል። አጭሩ ሰው ከጋሪ ላይ ሲሆኑ ረጅም ናቸው።

ሲናገሩም አይቸኩሉም፤ ሁለትና ሦስት ሰዓት መናገር ልማዳቸው ነበር። የሚገርመው አድማጩ አለመሄዱ ነው። ምክንያቱም እንደ ጊዜው ተናጋሪዎች ስለ ባንዲራና ስለ ጀግኖች አጥንት ብቻ አያወሩም። ኋላ የምድር ባቡሩን ነገር ሲያነሡ የኩባንያውን ታሪፍ ይዘው፥ ከዚያች ከተማ እህል ወይም ከብት ወደ ገበያ ለመላክ የሚከፈለውን ገንዘብ በጎረቤት ግዛት ለተመሳሳይ ርቀት ከሚከፈለው ጋር ከተማ በከተማ እያነጻጸሩ ያነቡ ነበር። ገበሬው በቦረሳው ውስጥ የጎደለው ሳንቲም የት እንደሄደ በቁጥር ሲነገረው ለመጀመሪያ ጊዜው ነበር። እኛ የመንግሥት ሪፖርት ማንበብ የሚያንገሸግሸን ወጣቶች፥ ሪፖርት እንዲህ ሆኖ ሲነበብ ቢሰማን ኖሮ ምን እንል ነበር እያልን አሰብን።

በ1900 ጌቶቹ በሕዝቡ ውስጥ የተነሣውን ስሜት አይተው መንገዱን ለቀቁላቸው። ያለ ተቃዋሚ ታጭተው ከ100 ሺህ በሚበልጥ የድምፅ ብልጫ ተመረጡ፤ በዊስኮንሲን ምድር ተወልደው የግዛቲቱ አገረ ገዥ የሆኑ የመጀመሪያው ሰውም ሆኑ። መንገዱን መልቀቅና ሥልጣን መልቀቅ ግን አንድ አይደሉም። በ1901 ለምክር ቤቶቹ ያቀረቡትን የፕራይመሪ ሕግ የግዛቲቱ ሴኔት ሥጋውን ገፎ አጥንቱን አስቀረው። አገረ ገዥውም ከባዶ አጥንት ሙሉ ረኃብ ይሻላል ያሉ ይመስል፥ ተሽሮ የመጣውን ሕግ አልፈርምም ብለው መለሱት። በ1903 ሕጉ አለፈ፤ ተቃዋሚዎቹ ግን በኖቬምበር 1904 ሕዝቡ በድምፁ ካላጸደቀው እንዳይሠራ አንድ ቁልፍ ጨመሩበት። ገበሬው ስለ እንዲህ ያለ ደረቅ ነገር ግድ የለውም ብለው ነበር።

በዚያን ዘመን ላፎሌት የፈጸሙትን አንድ ነገር ጠላቶቻቸው እስከ ሞታቸው አልረሱላቸውም። በአንድ ከተማ ሲደርሱ የምክር ቤቱን የታተመ መዝገብ ከኪሳቸው ያወጣሉ። ከዚያም በዚያችው ከተማ የተመረጠው የሕግ አውጪ ስለ ፕራይመሪው፥ ስለ ምድር ባቡሩ ግብር፥ ስለ ጭነቱም ታሪፍ ድምፁን ለማን እንደሰጠ በስሙ ጠርተው ያነባሉ። ያ ሰው ብዙ ጊዜ ከአዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል፤ ጎረቤቶቹም ዞር ዞር እያሉ ያዩታል። ስድብ የለ፥ ሐሜት የለ፤ መዝገብ ብቻ። የራሱ ፓርቲ ሰው በሆነ ባልደረባ ላይ እንዲህ ማድረግ ነውር ነው የተባለ ሲሆን፥ እሳቸው ግን በአደባባይ የተሰጠ ድምፅ በአደባባይ ቢነበብ ምን ነውር አለው ብለው ቀጠሉበት።

በሜይ 1904 የፓርቲው ጉባኤ ማዲሰን ላይ በዩኒቨርሲቲው የስፖርት አዳራሽ ተሰበሰበ። የላፎሌት ሰዎች ተቃዋሚዎቹ በሐሰት ወረቀት ሰው እንዳያስገቡ በመፍራት መግቢያውን በእሾህ ሽቦ አጥረው፥ ጠንካራ የእግር ኳስ ተጫዋቾችን ዘበኛ አድርገው አቆሙ። ተቃዋሚዎቹ ከአዳራሹ ወጥተው በከተማው ቲያትር ቤት ሌላ ጉባኤ አድርገው ሌላ እጩ ሰየሙ። ለአንድ ፓርቲ ሁለት እጩ! ክርክሩ በኦክቶበር በግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለላፎሌት ተፈረደ። በኖቬምበር እሳቸው ተመረጡ፤ ፕራይመሪውም በ130 ሺህ ያህል ድምፅ፥ በ80 ሺህ ያህል ተቃውሞ ጸደቀ። ሕጉ እንዳዘዘው መራጩ ከመጋረጃው በስተጀርባ ሆኖ የየትኛውን ፓርቲ እጩ እንደሚሰይም እንኳ ለማንም ሳይናገር ድምፁን ይሰጣል። የፖስታ ቤት ሹም አያስፈልገውም።

በእሾህ ሽቦና በዘበኛ የተከፈተ በር መሆኑ ያሳስበናል፤ ይህን አንደብቅም። ሚስተር ላፎሌት የጌቶቹን መኪና የሰበሩት ሌላ መኪና ሠርተው ነው። የመንግሥት የአደን ዘበኞችን ሳይቀር ለምርጫ ቅስቀሳ ያሰማሩ ነበር። የማይስማማቸውን ወዳጅ በቶሎ ከጠላት ይቆጥራሉ። ገንዘብ የወሰደ አገልጋይ አልወጣቸውም፤ ለትእዛዝ የሚሮጥ ተከታይ ግን ነበራቸው። ከዚህ የተነሣ በሩ በእውነት ለሁሉ መከፈት አለመከፈቱ ሊታወቅ የሚችለው፥ ራሳቸው ሲያንኳኩ እምቢ የተባሉ ዕለት ብቻ ነበር።

ያም ዕለት አልዘገየም። ሚስተር ላፎሌት በ1906 መጀመሪያ ሴናተር ሆነው ወደ ዋሽንግተን ሄዱ፤ የአገረ ገዥነቱን ወንበር ምክትላቸው ጄምስ ዴቪድሰን ያዙት። በሴፕቴምበር 1906 አዲሱ ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሠራበት ላፎሌት ዴቪድሰንን ትተው፥ በምክር ቤት የቅርብ ረዳታቸው የነበሩትን ወጣቱን አይርቪን ሌንሩትን ደገፉ። ከዋሽንግተን መጥተው ከከተማ ከተማ እየዞሩ እንደ ልማዳቸው ተናገሩላቸው። ሕዝቡም እንደ ልማዱ መጥቶ ሰማ፤ አጨበጨበም። ከዚያም መጋረጃው ውስጥ ገብቶ ዴቪድሰንን በሰፊ ብልጫ መረጠ።

ዴቪድሰን ኖርዌይ የተወለዱ ሰው ነበሩ። በ1880 የፕሪምሮዙን ልጅ በቋንቋቸው ሰላም ስላላቸው ብቻ የተቀበሉት ገበሬዎች፥ እነሱና ልጆቻቸው፥ አሁን የራሳቸውን ሰው ለሌላ ሰው ብለው አንጥልም አሉ። ደግሞም ዴቪድሰን ያጠፉት ጥፋት አልታያቸውም። እኛ ይህን ታሪክ ስናነብ ከ1900ው ድል ይልቅ ልባችንን የነካው የ1906ቱ ሽንፈት ነው። በጉባኤው ዘመን ቢሆን ኖሮ ላፎሌት የፈለጉትን ሰው ማሳጨት አይከብዳቸውም ነበር፤ ወኪሎቹን በእጃቸው ይዘዋልና። ያን ኃይል በገዛ እጃቸው ከፋፍለው ለአንድ መቶ ሺህ ሰዎች ሰጥተውታል። ሽንፈቱ አበሳጭቷቸዋል፤ ሕጉ ይሻር ግን አላሉም። ፕራይመሪውን በሌሎቹም ግዛቶች መስበካቸውን ቀጠሉ።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሌላ መራራ ነገር መጣ። በ1908 ለሴኔት እጩ ለመምረጥ በተደረገው ፕራይመሪ፥ ቀድሞ የላፎሌት ገንዘብ ረዳት የነበሩት ባለጸጋው አይዛክ ስቲቨንሰን ከ107 ሺህ ዶላር በላይ አውጥተው አሸነፉ። ጉባኤውን ይገዛ የነበረው ገንዘብ ወደ ጋዜጣ ማስታወቂያና ወደ ተቀጣሪ ቀስቃሽ ዞረ እንጂ አልጠፋም። ፕራይመሪ የጥቂቶችን በር ይዘጋል፤ የገንዘብን መስኮት ግን አይዘጋም። የሕጉ ነቃፊዎች ይህን ሲሉ አልተሳሳቱም፤ ላፎሌትም ለምርጫ በሚወጣ ገንዘብ ላይ ወሰን እንዲደረግ ይጠይቁ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪካቸው የመላ አሜሪካ ታሪክ ስለሆነ በአጭሩ እንለፈው። በ1912 ለፕሬዚዳንትነት ለመታጨት ተነሥተው ነበር። በፌብሩዋሪ 2 ቀን ደክመውና ለቀዶ ጥገና የቀረበችው ልጃቸው አሳስባቸው በፊላደልፊያ በጋዜጣ አሳታሚዎች ግብዣ ላይ የተናገሩት ንግግር ተበላሸባቸው። ደጋፊዎቻቸውም ወደ ቴዎዶር ሩዝቬልት ጎረፉ። ሆኖም በማርች 19 ቀን ኖርዝ ዳኮታ ውስጥ፥ የፕሬዚዳንት እጩ ለመምረጥ በአሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ በተደረገው የሕዝብ ፕራይመሪ፥ የገጠሩ መራጭ ሩዝቬልትን ትቶ ላፎሌትን መረጠ። በኤፕሪል 1917 አገራቸው ወደ ጦርነት እንዳትገባ ከተቃወሙት ስድስት ሴናተሮች አንዱ ሆኑ። ከሴኔት ይባረሩ የሚል አቤቱታ ቀረበባቸው፤ ያስተማራቸው ዩኒቨርሲቲ መምህራን ሳይቀሩ በመቶ የሚቆጠሩ ሆነው ፈርመው አወገዟቸው። አቤቱታው በ1919 ውድቅ ሆነ። በ1922 በፕራይመሪ ፊት ቀረቡ፤ መራጩም ከተቀናቃኛቸው ከሁለት እጥፍ የሚበልጥ ድምፅ ሰጣቸው። በ1924 ከሁለቱ ታላላቅ ፓርቲዎች ወጥተው ለፕሬዚዳንትነት ተወዳደሩና 4 ሚሊዮን 800 ሺህ ያህል ድምፅ አገኙ፤ ያሸነፉት ግን በዊስኮንሲን ብቻ ነው። በጁን 18 ቀን 1925፥ 70 ዓመት በሞላቸው በአራተኛው ቀን ዐረፉ። መቃብራቸው ማዲሰን ውስጥ ነው።

ወንበራቸውን በስማቸው የተጠራው ልጃቸው ሮበርት ወረሰ። ታናሹ ላፎሌት 20 ዓመት ያህል በሴኔት የሠራ፥ ጭምትና ትጉህ ሰው ነበር። በ1946 ዳግመኛ ለመመረጥ በሪፐብሊካን ፓርቲ ፕራይመሪ መቅረብ ነበረበት። ያን በጋ ግን የኮንግረሱን አሠራር የሚያሻሽል ትልቅ ሕግ ለማስጨረስ ሲደክም ዋሽንግተን ቆየ፤ ወደ አገሩ የተመለሰው የምርጫው ቀን ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነው። በዚህ መካከል ጆሴፍ ማካርቲ የተባለ ብዙ ያልታወቀ ወጣት ዳኛ በየትንንሾቹ ከተሞች እየዞረ የመራጩን እጅ ይጨብጥ ነበር። በኦገስት 13 ቀን ድምፁ ሲቆጠር የላፎሌት ልጅ አባቱ ባወጣው ሕግ፥ ከ6 ሺህ ባነሰ ድምፅ ተሸነፈ።